ባንኮክ በፍልሰታ

ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያየሁት። ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 8፣ 2017 ዓ.ም.። ፍልሰታ! እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍልሰታን ሳትጾም ያለፈችበት ዓመት የለም። ባንኮክ የምንሄደው ጉልበቷን ለሐኪም ለማሳየት ነበር። ሕክምናው አንድ ቀን ተኩል ቢፈጅ ነው። በቀረው ቀን ከተማ ልናይ፣ የአገሩን ምግብ ልንቀምስ፣ የአደራውን ዕቃ ልንገዛ አስበናል።

ደውዬ ስነግራት አልደነገጠችም። «በሶና ቆሎ እይዛለሁ፤ ስለ እኔ ሆድ አትጨነቂ» አለችኝ። የንስሐ አባቷም መንገደኛም ታማሚም ነሽ ብለው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንድትቆይ ፈቅደውላታል። ጭንቀቱ የእኔ ሆነ። የታይላንድ ምግብ አትክልት ብቻ የሚመስለው እንኳ የዓሣ ሶስ ወይም የደረቀ ሽሪምፕ አያጣውም። ሳምንቱን ሙሉ በበሶ እንዳላኖራት ከሆቴል በፊት የጾም ምግብ መፈለግ ጀመርኩ።

ካነበብኩት ሁሉ የጠቀመኝ አንዲት ቃል ናት። «ጄ»። የቻይና ዝርያ ካላቸው ታይላንዳውያን የመጣ የጾም ሥርዓት ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። በዓመት አንዴ፣ በእኛ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ፣ ብዙ ሰው ለዘጠኝ ቀን ይጾመዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉትም አሉ፤ ስለዚህ ምግቡ በነሐሴም ይገኛል። ምልክቱ ቢጫ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ለእኛ ዓይን ልክ 17 ቁጥርን ነው የሚመስለው። ለእማዬ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ከሁለተኛው ቀን በኋላ እሷ ነበረች ቀድማ የምታየው። መሃል መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ «አሥራ ሰባት! ያውልሽ፣ አሥራ ሰባት!» ትለኛለች።

ከአዲስ አበባ የሄድነው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ነው። ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ስንደርስ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ሰው ሲሄድ አይቼ ቀጥታ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ገባሁ። ተራችን ሲደርስ ወደ ኋላ ተመለሱ ተባልን። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር ጋ ሄዶ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ማሳየት አለበት። የእኛ ካርድ ደግሞ በእማዬ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከበሶው ሥር ነበር። ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ያ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ከባድ ነው። ቢጫ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር እጅ ላይ ይሁን። የመግቢያ ቅጹም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ሆኗል፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በነጻ ይሞላል።

ዶላር የመነዘርነው ምድር ቤት፣ ባቡሩ ጋ ካሉት ትንንሽ ቤቶች ነው። ከላይ ካሉት ይሻላሉ። ባለ መቶ ዶላር ኖት ከትንንሹ የተሻለ ይመነዘራል፤ የተጨማደደ ወይም የተጻፈበት ከሆነ ግን ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ከዚያ በኤርፖርቱ ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ፓያ ታይ፣ በነፍስ ወከፍ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ከፍለን በግማሽ ሰዓት ደረስን። ሆቴላችንን እዚያው አካባቢ የያዝኩት ለባቡሩም ለፕራቱናም ገበያም ቅርብ ስለሆነ ነው። በዚህ ምርጫዬ አልተጸጸትኩም።

ነሐሴ እዚያም ክረምት ነው፤ ግን እንደ እኛ ክረምት አይበርድም። ገና ከበር ስትወጡ እንፋሎት ፊታችሁ ላይ ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁርና ዝናቡ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያባራል። ሁለት ቀን ከተንገላታን በኋላ የገባን ነገር ቢኖር ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ቀትር ላይ ሞል፣ ወደ ማታ ደግሞ ወንዝ እንደሚሻል ነው። ከዚያ በኋላ እማዬ ስለ ጉልበቷ ያማረረችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ታላቁን ቤተ መንግሥት ለማየት መጀመሪያ የሄድን ዕለት አልገባንም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አንድ ጥሩ የለበሰ ሰው በእርጋታ «ዛሬ ጸሎት ስላለ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው» አለን። ቱክቱክ፣ የእነሱን ባጃጅ፣ ጠርቶ በ40 ባት ሌሎች ቦታዎች እንደሚያሳየን ነገረን። አመንኩት። ሾፌሩ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ አሳይቶን ቀጥታ የጌጣጌጥ ሱቅ አወረደን። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ «እኔ ዕንቁ ልገዛ ነው የመጣሁት?» ብላ ዝም አለች። ሁለት ሰዓት ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ግን ያን ቀን ክፍት ነበር። ማንም ዝግ ነው ቢላችሁ እግራችሁን በሩ ላይ ሳታደርሱ አትመለሱ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2:30 ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። መግቢያው 500 ባት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ቁምጣና ቦዲ የለበሱ ቱሪስቶች እየተመለሱ ሱሪ ሲገዙ አየን። እማዬ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታለች። ጠባቂዋ አየቻት፣ ፈገግ አለች፣ በእጇ እለፉ አለችን። ጫማ ማውለቁም ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ መሠራት የጀመረው ባንኮክ ዋና ከተማ በሆነችበት እ.ኤ.አ. በ1782 ነው። እዚያ የሚከበረው ምስል የኤመራልድ ቡድሃ ይባላል፤ እውነቱ ግን ከጄድ ድንጋይ የተሠራ ነው። ቁመቱ 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዙፋኑ ትልቅነት የተነሳ ደግሞ ይበልጥ ያነሰ ይመስላል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅቱ ሲለወጥ፣ ንጉሡ ልብሱን ይቀይሩለታል። እማዬ «ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፤ አክብሮታቸው ግን ደስ ይላል» አለችኝ።

ከሁሉም የወደደችው ዋት ፖ የሚባለውን ቤተ መቅደስ ነው። 46 ሜትር የሚረዝም፣ በወርቅ የተለበጠ የተጋደመ ቡድሃ አለ። የእግሩ መዳፍ በሚያብረቀርቅ ዛጎል 108 ምልክቶች ተሠርቶበታል። በስተጀርባው ግድግዳውን ይዘው 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል። ምእመናኑ እየሄዱ በእያንዳንዱ አንዳንድ ሳንቲም ይጥላሉ። ሲን፣ ሲን፣ ሲን የሚል ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። «ጸናጽል ነው የሚመስለው» አለች። ብዙ ቆየን። ከዚያ በአነስተኛ ጀልባ ወንዙን ተሻግረን ዋት አሩንን፣ በሸክላ ስብርባሪ አበባ የተለበጠውን ግንብ፣ ከታች ሆነን አየነው። ደረጃው ቀጥ ያለ አቀበት ስለሆነ አልወጣንም።

ወንዙ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ ይሻላል። የትም ብትወርዱ ዋጋው አንድ ነው፤ ያኔ 16 ባት ነበር። የቱሪስት ጀልባው ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ውኃው ግን ያው ውኃ ነው።

ወደ ምግቡ ልመለስ። የመጀመሪያ ምሳችንን የበላነው አንድ ሞል ውስጥ ባለ የምግብ አዳራሽ ነው። መግቢያው ላይ ካርድ ገዝታችሁ ብር ትሞላላችሁ፤ በየሱቁ በካርዱ ትከፍላላችሁ፤ የተረፈውን ሲመልሱላችሁ ትወጣላችሁ። ዋጋው መንገድ ላይ ካለው ብዙም አይበልጥም፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። አሥራ ሰባቷን አገኘናት። እማዬ ሩዝ ላይ ሁለት ዓይነት ወጥ አስደረገች። አንድ ሁለቴ ጎረሰችና ቆመች። «ሽንኩርት የለውም፤ ታዲያ በምን ጣፈጠ?» አለች። ሆቴል እስክንገባ ስለዚሁ ነበር የምታወራው።

ጄ በሌለበት ቦታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዤ ነበር። «ማይ ሳይ ናም ፕላ»፣ የዓሣ ሶስ አታድርጊ ማለት ነው። «ማይ ሳይ ካይ»፣ እንቁላል አታድርጊ። ሴት ስትናገር መጨረሻው ላይ «ካ» ትጨምራለች፣ ወንድ «ክራፕ» ይላል። ያቺ አንድ ድምፅ ፊታቸውን ታበራዋለች።

አንድ ቀን ማታ ሶም ታም የምትሸጥ ሴት ጋሪ ፊት ቆምን። ያልበሰለ ፓፓያ በቀጫጭኑ ተከትፎ የሚሠራ ሰላጣ ነው። የሸክላ ሙቀጫ አላት፤ የእንጨት ዘነዘና አላት። እማዬ ሙቀጫውን ስታይ ጋሪው ላይ ተደገፈች። ሴትዮዋ ሽሪምፑንና የዓሣ ሶሱን ትታ ሎሚ፣ ስኳር፣ ለውዝ፣ ቲማቲም አደረገች። ከዚያ ትንንሿን ቃሪያ አንስታ በጣቷ ስንት? ብላ ጠየቀች። እማዬ አምስት ጣቷን ዘረጋች። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ሦስት አሳየች። እማዬ እንደገና አምስት። ሴትዮዋ ሳቀችና አምስቱንም ወቀጠቻቸው፤ አወቃቀጧ ቀስ ያለ ነው፣ በሌላው እጇ በማንኪያ እየገለበጠች። እማዬ ያን ምግብ ከሚጣበቀው ሩዝ ጋር፣ በእጇ እየጠቀለለች፣ ላቧ እየወረደ ጨረሰችው። «ሚጥሚጣ አላቸው እኮ!» አለች። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ቀን ከሩቅ ስታየን አምስት ጣቷን ዘርግታ ጠበቀችን።

ፍሬውን ቸል እንዳትሉ። የማንጎ ወቅት ቢያልፍም ማንጎ በኮኮናት ወተትና በሚጣበቅ ሩዝ ይገኛል፤ ንጹሕ የጾም ነው። ማንጎስቲን ደግሞ ሐምራዊ ቅርፊት ያለው ነው። ሥሩ ላይ ያለችውን የአበባ ምልክት ቅጠሎች ቁጠሩ፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ልክ በዚያው ቁጥር ነው። እማዬ አንድ ኪሎውን በሙሉ እየቆጠረች ከፈተችው። ዱሪያን ግን ሽታው ስለሚከብድ ሆቴልም ባቡርም አያስገቡትም።

ገበያው ላይ ብዙ አልተሳሳትኩም፤ መርካቶ ያሳደገችው እናት ይዤ ነበራ። ፕላቲኒየም በሚባለው የፕራቱናም የልብስ ሞል አንድ ፍሬና ሦስት ፍሬ ዋጋቸው ይለያያል። ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆን እንደሌለባቸው የደረሰችበት እማዬ ናት፤ ካንድ ሱቅ ቀለም እያቀላቀለች በጅምላ ዋጋ ወሰደች። ብዙ ቦታ ለብሶ መሞከር አይቻልም፤ ስለዚህ የሁሉንም ልኬት በሜትር ለክቼ መሄድ ነበረብኝ። አልለካሁም፤ የእህቴ ሁለት ቀሚስ ጠበባት።

ቻቱቻክ የሚባለው ገበያ የሚሞላው ቅዳሜና እሑድ ነው። ከ15,000 የሚበልጥ ሱቅ አለው ይባላል፤ በ27 ክፍል ተከፍሏል። አንድ የሸክላ ሲኒ ወድጄ «ስንመለስ እንገዛለን» አልኩ። ሳይገኝ ቀረ። እዚያ ከወደዳችሁ በቆማችሁበት ግዙ፣ ወይ የሱቁን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ጨርቅ ለሚፈልግ የሕንዶቹ ሰፈር ፓሁራት አለ፤ እማዬ ከዚያ ልትወጣ አልፈለገችም።

አንድ ማታ ሆቴሉ ውስጥ የጁስ ጠርሙስ ላይ 2568 የሚል ዓመት አየች። በቡድሂስቶቹ አቆጣጠር ነው። «እኛ 2017 ነን፤ ስንት ዓመት ዘልለን መጣን?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግዳ ተቀባይዋን ልጅ ስጠይቃት ሰዓታቸውንም ነገረችን። ከምሽቱ አንድ ሰዓትን እነሱም በልማድ አንድ ይሉታል፤ ሁለት ሰዓትን ሁለት። ፈረንጅ ሰባትና ስምንት የሚለውን። እማዬ የልጅቷን እጅ ያዘች። «ንገሪያት፣ እኛም እንዲሁ ነን በያት።»

ነሐሴ 6 በእነሱ ኦገስት 12 ነው፤ የእናቶች ቀን። እኔ አላወቅሁም ነበር። ጠዋት ፓክ ክሎንግ የአበባ ገበያ ሄድን። መንገዱ በሙሉ ጃስሚን ነው፤ ነጫጭ እንቡጦች በክር ተሰክተው፣ በቅርጫት ተቆልለው። አንዲት አሮጊት እየሰካች ነበር። እኔን አየች፣ እማዬን አየች፣ በጣቷ እያመለከተች «ሜ?» አለችኝ። እናት ማለታቸው ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። የከፈልኩበትን አንዱን ሰጠችኝና ሌላ አንድ አንስታ ራሷ እማዬ እጅ ላይ አደረገችው። ብር ስሰጣት እጄን መለሰችው። ሁለቱ እናቶች ቋንቋ ሳይኖራቸው ትንሽ ተያዩ። እማዬ ጎንበስ ብላ «እግዜር ያክብርልኝ» አለቻት በአማርኛ።

ያን አበባ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችው። ለኪዳነ ምሕረት ልትለብስ ነጠላዋን ስትዘረጋ የደረቁት እንቡጦች ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ ጉልበቷን አላማትም።