የሬሳ በጀት የማን ነው?

በጀት ሲያዝ ማንም የማያስታውሰው ክፍል ቢኖር የአስከሬን ምርመራ ነው። የእናቶች ክፍል ይጠይቃል፣ ድንገተኛ ክፍል ይጠይቃል፣ ፋርማሲው ይጠይቃል። ሁሉም እውነት አላቸው። ሬሳ ማቆያው ግን የሚጮህለት የለም፣ ገቢ አያስገባም፣ «ይህን ያህል ሕይወት አዳንን» ተብሎ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ቁጥርም አይወጣውም። ስለዚህ ፍሪጁ ሲበላሽ ወረፋ ይጠብቃል።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጎንደር ተምሬ፣ ከከተማው ራቅ ያለ ሆስፒታል ሠርቼ፣ አሁን ተመልሼ እዚሁ ነኝ። ፓቶሎጂስት፣ ማለትም በሽታንና የሞትን ምክንያት ከናሙናና ከአስከሬን የሚመረምር ሐኪም፣ አይደለሁም። ግን ገጠር የሠራ ሐኪም ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፖሊስ ሬሳ ጭኖ ሲመጣ የሚጠራው ተረኛው ነው። መርማሪው ደብዳቤ ይሰጥሃል፦ «የሞቱ ምክንያት ተጣርቶ ይላክልን»። በተማሪነትህ ስለ ፎረንሲክ፣ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሚሆነው የሕክምና ምርመራ፣ የሰማኸው ጥቂት ሌክቸር ነው። አስከሬን መክፈቻ መሣሪያ የለም፣ የናሙና ዕቃ የለም፣ ኤክስሬዩ የሚሠራ ከሆነ ተመስገን ነው። ልብሱን ታስወልቃለህ፣ ቁስሉን ትለካለህ፣ አገላብጠህ ታያለህ፣ ትጽፋለህ። ውጭ ዘመድ ያለቅሳል፣ ቄሱ ተጠርተዋል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ይሉና «ልጄ፣ ሳይመሽ አፈር እናልብሰው» ይሉሃል። እስቲ እምቢ በላቸው!

ከስንት ጊዜ በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይደርስሃል። ጠበቃው ይነሳና «ዶክተር፣ ሟቹ የሞተው በዱላው ነው ወይስ ወድቆ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን የራስ ቅል ውስጥ የፈሰሰ ደም ከውጭ አይታይም። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ጉበት ሊቀደድ ይችላል። መልሱ የነበረው ውስጥ ነው፣ እሱም ተቀብሯል። አንዱ ያለ ጥፋቱ ይታሰራል፣ ሌላው ገድሎ ሠፈር ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ከዚያ ደግሞ ደም መመላለስ ይመጣል። እኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከበድ ያለ ጉዳይ ሲሆን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። የአገሪቱ የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፣ በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ገባበት። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ልጁን ለማስመርመር መኪና የተከራየው ዘመድና እድር አዋጥቶለት ነው፤ ልጁ ተገድሎበት፣ ፍትሕ ፈልጎ፣ ለፍትሑ ማስረጃ ማጓጓዣ ራሱ ከፍሎ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሬሳውን ይጠብቃል፣ ሳልስቱ መቼ እንደሚሆን እንኳ አይታወቅም። በዚያ ላይ ሬሳ ሲዘገይ ማስረጃውም ይጠፋል። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረውን፣ ሰው ሲውጠው የሚገድለውን ክኒን ለምሳሌ እንይ፤ እሱ የሚያወጣው ጋዝ ስለሆነ፣ ናሙናው ቶሎ ተወስዶ በደንብ ካልታሸገ በኋላ በላቦራቶሪ ማግኘት ከባድ ነው። በሙቀት ቀንና ሌሊት የተጓዘ ሬሳ ላይ ምን ይገኛል?

«ዳባት ላይ የሞት ምክንያት ይጠና የለም እንዴ?» የሚለኝ አለ። ይጠናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው በስተሰሜን ባለው በዚህ ወረዳ ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲከታተል ቆይቷል። ሰው ሲሞት ሠራተኞቹ ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፦ ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ታመመ? ከዚያ ሐኪሞች መልሱን አይተው ምክንያቱን ይገምታሉ። ወረዳው ውስጥ ቲቢ ነው ወይስ የልብ በሽታ የሚበዛው ለማለት ግሩም ነው። ችሎት ላይ ግን አይሠራም፤ ገዳዩ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ የሚጠየቀውም እሱው ነውና።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የኔ ሐሳብ አንድ ነው፦ ይህ ሥራ ከሆስፒታሉ የሕክምና በጀት ተነስቶ ወደ ፍትሕ በጀት መዛወር አለበት። የአስከሬን ምርመራ ውጤት የሚጠቀምበት ማነው? ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት። ወጪው ግን መድኃኒት ከሚገዛበት ኪስ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ በኦክስጅንና ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን መካከል ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ይታወቃል፣ እኔም ብሆን ያንኑ እመርጣለሁ። በፍትሕ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ካልተሰጠው ዘላለም ተራው አይደርስም።

አሜሪካኖች ይህን ነገር የያዙበት መንገድ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የሞት ምርመራ ቢሮዎችን ለማጠናከር አንድ የድጋፍ ፕሮግራም ጀመረ። ልብ በሉ፣ ጤና አይደለም፣ ፍትሕ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው በሁለት በኩል ነው፦ ፓቶሎጂ ጨርሰው አንድ ዓመት የፎረንሲክ ሥልጠና ለሚወስዱ ሐኪሞች፣ እና ቢሮዎቹ የጥራት ዕውቅና እንዲያገኙ። እዚያም ቢሆን ሰው አልሞላላቸውም። ፎረንሲክ የሚገባ ሐኪም ተጨማሪ ዓመት ተምሮ፣ ሆስፒታል ከሚሠራው ፓቶሎጂስት ያነሰ ይከፈለዋል፤ ቀጣሪው የአካባቢ መንግሥት ነዋ። የሙያ ማኅበራቸው አንድ ሐኪም በዓመት ከ250 በላይ አስከሬን ባይመረምር ይመክራል፣ 325 ካለፈ ደግሞ ለቢሮው ዕውቅና ከባድ ጉድለት ነው። እኛ ገና ስለ ሥራ ብዛት የምንጨቃጨቅበት ደረጃ ላይ አይደለንም፣ ግን ከነሱ የምንማረው አለ፦ ሥልጠናው ብቻ ተከፍሎ ደመወዙ ከተረሳ ሐኪሙ ይሄዳል።

እኛ ዘንድማ ከዚያም ይብሳል። ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ሆኖ ፎረንሲክ የሚመርጥ ልጅ የግል ክሊኒክ አይከፍትም፤ ለሬሳ ማን ካርድ ያወጣል? ከችሎት ሲወጣ የተፈረደበት ወገን በር ላይ ቆሞ ያየዋል። እናቱ ሥራው ምን እንደሆነ ለጎረቤት አትናገርም (ይቺን ከጓደኛዬ እናት ነው የሰማሁት፣ «ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው» ነበር ያሉት)። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጎንደር እንዲቀመጥ ከተፈለገ የመደብ ደመወዝ፣ የተጋላጭነት ክፍያና የችሎት አበል በጽሑፍ ይታሰርለት። ከሱ ጋር አስከሬን የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ረዳት፣ ጄኔሬተር የተገጠመለት ፍሪጅ፣ ከወረዳ የሚያመላልስ መኪናም ያስፈልጋል። ስፔሻሊስት ብቻውን በባዶ ክፍል ምን ይሠራል?

ጎንደር ላይ የፎረንሲክ ሐኪም ማሠልጠን ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው አገሪቱ ያጣችውን ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር፦ ጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያን፣ የኅብረተሰብ ነርስ። ያኔ ከምንም ተጀመረ። ስፔሻሊስቱ እስኪደርስ እንኳ ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለመርማሪ ፖሊሶች የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ቢሰጥ፣ ቢያንስ ናሙና እንዴት እንደሚታሸግና ሬሳ መቼ መቀበር እንደሌለበት እናውቃለን።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ከዚያ በፊት ነው። ይህን የምታነቡ ዐቃቤ ሕጎችና ዳኞች ካላችሁ፣ ጤና ቢሮ ይጠይቅልን ብላችሁ አትቀመጡ። ደብዳቤው ከእናንተ ቢሮ ይውጣ፤ በማስረጃ እጦት የተዘጋውን መዝገብ ብዛት የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።