ጤዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ጋቢ አያዋጣም

የጅማ ብርድ ተንኮለኛ ነው። ቀን ፀሐዩ ያዘናጋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ግን ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቡና ተለቅሞ አልጋ (የማድረቂያ ቆጥ) ላይ የሚሰጣውም በዚሁ ወቅት ነው። ላም ማለብም፣ ሣር ማጨድም፣ ሸራ የለበሰውን የቡና አልጋ መግለጥም ጤዛ ውስጥ ነው።

ለሥልጠና የመጡት ባለሙያዎች «ወፍራም ልብስ ደርቡ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ ጣሉበት» ብለውን ሄዱ። ስለ ላብ ያነሳ የለም። እኔም አምኜ ሁለት ወቅት ሙሉ ተንቀጠቀጥኩ። ላስቲክ ዝናብን እንደሚከለክል ሁሉ ላብንም አያስወጣም። ከሥር ያለው የጥጥ ካናቴራ ይርሳል፤ ሥራው ጋብ ሲል ያ እርጥበት ገላ ላይ ይቀዘቅዛል።

አሁን ከገላዬ ቀጥሎ የምለብሰው ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ማሊያ ነው። ከዚያ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ሹራቡን ከሳልቫጅ ስትገዙ ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ቢል አትመኑት። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ስባችሁ ለኩሱት፦ ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ፕላስቲክ ነው። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ይብረዳችሁ፤ ገና ደጃፍ ላይ ከሞቃችሁ አንድ ልብስ በዝቷል።

የዝናብ ልብሱን የምለብሰው አልጋ ስገልጥ ብቻ ነው። ሸራው መሐል ላይ ጤዛው ይቋጥራል። አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ከጎተተ ውኃው ወይ ጀንፈሉ (ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) ላይ ይፈሳል፣ ወይ በእጅጌ ገብቶ ብብት ይደርሳል። ለሁለት ሆናችሁ መጀመሪያ ከሥር መሐሉን ወደ ላይ ግፉት፤ ውኃው በጠርዝ ይውረድ፤ ከዚያ ጠቅልሉት። እጅ ሽቅብ ሲነሳ ውኃ ወደ ክርን ስለሚወርድ የላስቲክ ጓንቱ አፍ በእጅጌው ላይ ይደረብ። እጅ ቁልቁል በሚሆንበት የእጥበት ሥራ ግን በተቃራኒው፣ እጅጌው በጓንቱ ላይ ይደረብ። ይህችን ለማወቅ ስንት ጠዋት ረጠብኩ!

ቦቲ ላይ ሁለት ካልሲ አትደርቡ። እግር ከተጣበቀ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ ይደነዝዛል። አንድ ቁጥር የሚሰፋ ቦቲ፣ አንድ ወፍራም ካልሲ፣ ከሥር በእግር ልክ የተቆረጠ ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑ እርጥበት ስለሚጠጣ በየቀኑ ይቀየራል። ቦቲውን ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ አሳድሩት እንጂ ምድጃ ዳር አታስጠጉት፤ ጎማው ይሰነጠቃል።

ጋቢዬን ቤት ትቼ ነው የምወጣው። ጥጥ ነው፤ ጫፉ ሣር ለሣር እየተጎተተ ጤዛውን ሁሉ ይጠጣል። እርጥቡን አውልቄ፣ ጀበናው እስኪፈላ የምጠቀለለው እሱን ነው።