መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳሎን የማያጥለቀልቅ ሳምፕ

ሰሞኑን መብራት ሌሊት ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ተመልሶ መጣ። ጠዋት ተነስቼ ሳይ ምንጣፉ ደረቅ ነው፣ የዓሣ ገንዳዬ ፓምፕም ሥራውን ይዟል። ይህ ለምን እንዳስፈነደቀኝ ለቤተሰቤ ማስረዳት አልቻልኩም፤ እናንተ ግን ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መግቢያውን በአጭሩ ልለፈው። ዋናው ገንዳ 90 በ40 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 162 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ ያለው ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው የሚጣራበት ትንሹ ገንዳ፣ 60 በ30 በ35 ነው። መስታወቱን እዚሁ ደሴ መስታወት ቤት አስቆርጬ ራሴ በሲሊኮን አጣበቅሁት። ሲሊኮን ስትገዙ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ከተጻፈበት መልሱት፤ ሻጋታ የሚገድለው ኬሚካል ለዓሣም አይራራም። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ በስፖንጅ ያልፋል፣ በድንጋይ መካከል ያልፋል፣ በመጨረሻ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ጣጣው ያለው ውሃው ወደ ታች በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። ገንዳውን መብሳት ከሁሉም ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም። የኔ ግን ዓሣ ይዞ የቆመ ገንዳ ነው። ደግሞም ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) መስታወት ከሆነ መሰርሰሪያ ገና ሲነካው ፍርክስክሱ ይወጣል፤ ስለዚህ የመስታወቱን ዓይነት ሳታጣሩ አትሞክሩት። ያለኝ አማራጭ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተሻግሮ የሚወርድ የፒቪሲ ቱቦ ነበር።

ተራ ጎማ ጠርዝ ላይ አሻግራችሁ ውሃ ብትስቡ ይሠራል፤ መብራት እስኪሄድ ድረስ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው እስከ ጎማው አፍ ይወርድና ጎማው አየር ይስባል። መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች የሚወርድ ግን የለም። ቀሪውን ምንጣፉ ይነግራችኋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ መብራት ይሄድ ይሆን ወይ ተብሎ አይጠየቅም።

መፍትሔው ቱቦው ሁለቱም እግሮቹ ምንጊዜም ውሃ ውስጥ እንዲቀሩ ማድረግ ነው። በገንዳው ውስጥ አፉ ወደ ላይ የሆነ ቱቦ ይቆማል፤ ከታች በኤልቦ ይታጠፍና እንደገና ወጥቶ ጠርዙን ይሻገራል። ውጭ ሲወርድም እንዲሁ ከታች ታጥፎ ይወጣና አፉ ለአየር ክፍት በሆነ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) በኩል ወደ ሳምፑ ይፈስሳል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው እስከ ውስጠኛው ቱቦ አፍ ብቻ ወርዶ ይቆማል፣ መካከሉ ግን እንደተሞላ ይቆያል። መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀጥላል።

ጠላቱ አየር ነው። ጥቃቅን አረፋዎች የቱቦው ጀርባ ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ እየተጠራቀሙ የውሃውን መንገድ ያጠብቡታል። እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ጎማ ስላስገባሁ ይታየኛል፤ መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታክል አረፋ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሌላዋ መጥታ ትቀላቀላታለች። ብዙ ሰው ወፍራም ቱቦ ይሻላል ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ውሃው ስለሚዘገይ አረፋውን ገፍቶ አይወስደውም። ቀጠን ያለው ጠርጎ ያወጣዋል።

ያም ሆኖ ቱቦውን ማመን የለብንም። እንቁራሪት ባይገባበት ቅጠል ይገባበታል። ስለዚህ ስሌቱን ከመብራት መጥፋት ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሥሩት። መብራት ሲሄድ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይወርዳል እንበል፤ ይህ በኔ ገንዳ 10.8 ሊትር ነው። ሳምፑ ሲሠራ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚቆም 27 ሊትር ባዶ ቦታ አለው፤ በቱቦ ውስጥ ያለው ቢጨመርም ይበቃል። በተቃራኒው ቱቦው ቢዘጋና ፓምፑ ቢቀጥልስ? የፓምፑን ክፍል ሆን ብዬ ጠባብ አደረግሁት፤ 15 በ30 ሆኖ ፓምፑ ሊስበው የሚችለው የውሃ ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ማለትም 6.75 ሊትር። ከላይ ደግሞ እስከ ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ትቻለሁ። ፓምፑ ያለውን ሁሉ ገፍቶ ቢጨርስ እንኳ ገንዳው አይሞላም። ፓምፑ ደረቅ እንዳይሽከረከር የሮቶ ታንከር ላይ የሚገጠመው ዓይነት ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ልገጥምለት ነው።

ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ በሚገፋበት የመመለሻ ቱቦ ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለ፤ መብራት ሲሄድ አየር አስገብቶ ወደ ኋላ መሳቡን ያቆመዋል። አልጌ ይደፍነዋልና በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጉት። የማይመልስ ቫልቭ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከተቀረቀረበት አይዘጋም።

ድምፁ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ሽንት ቤታችሁ ውሃው አልቆመም እኮ!» ብለውኛል። ቲው ላይ ክዳን አድርጌ ትንሽ ቀዳዳ ከበሳሁበት በኋላ ጉርጉርታው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የመውረጃው ጫፍም ሳምፑ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ፤ ጠልቆ ከገባ አየሩ መውጫ ያጣል።

የዓሣውን ቆሻሻ ለሚያጠራው ባክቴሪያ ማደሪያ ውድ የፕላስቲክ ኳስ አልገዛሁም። ብሎኬት አምራቾች ጋ ያለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይበቃል። ኮምጣጤ አንጠባጥቡበት፣ ካረፋ ኖራ አለበትና ተዉት። ስታጥቡት ደግሞ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እንጂ በቧንቧ አይሁን፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። እኔ የድንጋዩን ግማሽ ከውሃ በላይ አድርጌ ውሃው እየተንጠባጠበ እንዲያልፍበት አድርጌአለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ከ6 ብዙም አያልፍም። የሚንጠባጠብ ውሃ አየር ያገኛል። መብራት ሲጠፋም እርጥብ ድንጋይ አየር ላይ ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም። ካኒስተር የሚባለው ዝግ ማጣሪያ ግን ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ይገማል፣ መብራት ሲመጣም ያንን ሁሉ ዓሣው ላይ ይደፋል። ለኛ አገር መብራት አይሆንም፣ ስጦታ ቢሆን እንኳ እሸጠዋለሁ።

የውሃ መመርመሪያ ግን እስካሁን የለኝም። ሌላውን ምከር ብባል እሱን አስቀድም እል ነበር፣ ራሴ ግን በዓሣዎቹ አተነፋፈስ ነው የምፈርደው። ይህን አትከተሉኝ።

አሁን የማስበው በ12 ቮልት የሚሠራ 20 ዋት ፓምፕ ነው። የ50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 300 ዋት ሰዓት ነው፣ ወደ 15 ሰዓት ያቆየዋል። ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ እንዲህ ያለ ፓምፕ ያያችሁ ካላችሁ ዋጋውንና ድምፁን ንገሩኝ፤ ድምፁን በተለይ።