የተሳሳተ ዋጋ ተለጥፎ ገንዘብ ሲላክ ማን ምን ይሸከም?

28,500 ለመጻፍ ተፈልጎ አንዲት ዜሮ ስትቀር 2,850 ይሆናል። ሐዋሳ ፒያሳ ያለ የስልክ ሱቅ ይህን ቴሌግራም ላይ ለጠፈ እንበል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ከአቶቴ ሰፈር «ይያዝልኝ» ይላል፤ አንዷ የሂሳብ ቁጥር ተቀብላ ወዲያው በቴሌብር ትልካለች፤ ሌላው ምንም ሳይጠይቅ ባጃጅ ይዞ ሱቁ በር ላይ ይቆማል። ሻጩ «ስህተት ነው» ይላል፣ ገዢዎቹ «ራስህ ነህ የለጠፍከው» ይላሉ። ሦስቱ ገዢዎች ግን እኩል መብት የላቸውም፤ ሻጩም ለሦስቱ እኩል ዕዳ የለበትም። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚከረው ይህ ልዩነት ሳይታይ ስለሚቀር ነው።

መጀመሪያ ፖስቱ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር ለሕዝብ ማሰራጨትንም ሆነ ዕቃ ለሽያጭ ደርድሮ ማሳየትን የውል ሐሳብ እንደማቅረብ አይቆጥረውም። ቻናል ላይ ፎቶና ዋጋ መለጠፍ ደግሞ ዕቃን መስታወት ውስጥ ደርድሮ ዋጋ ከመጻፍ ብዙም አይለይም። ጥያቄውን የሚያቀርበው «እፈልገዋለሁ» ያለው ገዢ ነው፤ ሻጩ «አለ፣ ይላኩ» ሲል ተቀበለው ማለት ነው። ውሉ የሚቋጠረው እዚያ ላይ ነው። «በቴሌግራም የተባለ ነገር አይቆጠርም» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል።

እንግዲህ «ይያዝልኝ» ብሎ መልስ ላላገኘው ሰው ሻጩ ይቅርታ ጠይቆ ትክክለኛውን ዋጋ ቢነግረው ይበቃል። ባጃጅ ይዞ የመጣው ሰውም ውል የለውም፤ ነገር ግን ፖስቱ ላይ «ሱቃችን መጥተው ይውሰዱ» ተብሎ ከነበረ የባጃጁን ሒሳብ መስጠት ተገቢ ነው፤ የጠራው ሻጩ ነውና። የሂሳብ ቁጥር ተሰጥቷት የላከችው ግን ውል አላት፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ጥፋቱ በብዛት የሚፈጠረው በሂሳብ ቁጥሩ ነው። አድሚኑ በቀን ስልሳና ሰባ መልእክት ይመልሳል፤ «አለ?» ሲባል ዋጋውን ዞር ብሎ ሳያይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የሂሳብ ቁጥር ኮፒ አድርጎ ይልካል። ያቺ መልእክት «ተስማምቻለሁ» ማለት ናት። መፍትሔው የሂሳብ ቁጥርን ብቻውን አለመላክ ነው። በአንድ መልእክት የዕቃውን ስም፣ መጠኑን ወይም ሞዴሉን፣ ዋጋውን በቁጥርና በፊደል፣ የማድረሻውን ሒሳብ፣ መጨረሻ ላይ የሂሳብ ቁጥሩን መጻፍ ያስፈልጋል። «28,500 (ሃያ ስምንት ሺህ አምስት መቶ)» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዜሮ ስትጎድል እጁ ላይ ይይዛታል።

ውል ከተቋጠረ በኋላም ሻጩ መውጫ አለው፤ ግን በነጻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1699 ሰው ሊሰጥ ካሰበው እጅግ የበለጠ ነገር ለመስጠት ወይም ሊቀበል ካሰበው እጅግ ያነሰ ዋጋ ለመቀበል በስህተት ከገባ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። «እጅግ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። 28,500 እና 2,850 እጅግ ይራራቃሉ፤ 4,800 እና 4,500 አይራራቁም። አንቀጽ 1703 ደግሞ ስህተቴ ነው ብሎ ውል ያፈረሰ ወገን፣ ሌላው ስህተቱን ካላወቀ ወይም ማወቅ ካልነበረበት፣ በመፍረሱ የደረሰበትን ጉዳት ይክሳል ይላል። ስለዚህ ጥያቄው «ገዢዋ ማወቅ ነበረባት ወይ?» ይሆናል። በየሱቁ ከ25,000 በላይ የሚሸጥ አዲስ ስልክ 2,850 ተብሎ ሲታይ ማንም ይጠረጥራል፤ ገንዘቧ ሙሉ በሙሉ ይመለስላት እንጂ ስልኩ ይገባኛል ማለት አያስኬድም። 28,500ው 25,800 ተብሎ ቢጻፍስ? የቁጥር ቦታ መለዋወጥ ነው፤ ገዢ ቅናሽ መስሎት ቢገዛ ማንም አይፈርድበትም። እንዲህ ያለውን ሻጩ ቢውጠው ይሻላል።

በእኔ ሚዛን መስመሩ የሻጩ መግዣ ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ የጁስ መፍጫ መርካቶ 4,100 ተገዝቶ፣ የመኪና ጭነት 100 ተከፍሎበት፣ 4,800 ሊሸጥ ታስቦ 4,300 ተለጠፈ። ሻጩ ከ600 ብር ትርፍ 500ው ቀረበት እንጂ ከኪሱ አልወጣም። ይሽጠው። 3,400 ተለጥፎ ከነበረ ግን 800 ብር ይከስራል፤ ልዩነቱም ለገዢ ፈጦ የሚታይ አይደለም። ይህ መሐል ላይ ያለው ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጣላውም እዚህ ነው። ያለ ትርፍ በመግዣው በ4,200 ላቅርብልዎ ብሎ መጠየቅ፣ ገዢው ካልፈለገ ገንዘቡን ከወጪው ጋር መመለስ አግባብ ይመስለኛል።

ሻጮች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። አንቀጽ 1702 ስህተትን ከቅን ልቦና ውጭ መጠቀም አይቻልም ይላል፤ ገዢው «እሺ፣ በትክክለኛው ዋጋ እገዛለሁ» ካለ ሻጩ ሊገባ ባሰበው ውል ይታሰራል። ይኸውም «28,500 ለማለት ነው» ያለ ሻጭ፣ ገዢዋ 28,500ውን ስትልክ «አሁን ደግሞ 31,000 ገብቷል» ሊላት አይችልም። ስህተት ዋጋ ለመጨመር መንገድ አይደለም።

የቆየ ፖስት ከዚህ ይለያል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ተቀያይሯል፤ ቻናሎች ላይ ግን የድሮ ፖስቶች እንደተለጠፉ ናቸው። የቆየ ፖስት ሲለጠፍ ዋጋው ትክክል ነበር፤ የጎደለው ማንሳት ብቻ ነው። ገዢ የቆየ ፖስት ፎርዋርድ አድርጎ «አለ?» ሲል ሻጩ «ዋጋው ተቀይሯል» ማለት ይችላል፤ ውል ገና የለምና። «አለ» ብሎ ብር ከተቀበለ በኋላ ግን «የድሮ ዋጋ ነው» ማለት የዋጋ ስህተት አይደለም፣ ሥራን አለማየት ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ልዩነቱን ራሱ መሸከም አለበት ባይ ነኝ።

የዋጋ ስህተት ቢያንስ ቁጥሩ ላይ ይታያል። የመግለጫ ስህተት ግን ዕቃው እጅ እስኪገባ ይደበቃል። ስልክ ላይ በጣም የተለመደው ራምን ከማስቀመጫ ማምታታትና «16 ጊጋ ራም» ብሎ መጻፍ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ከማስቀመጫው ቆርጠው ራም የሚያስመስል ተጨማሪ አላቸው፤ ሴቲንግ ውስጥ «8+8» ተብሎ ይታያል። እውነተኛው ራም 8 ነው። 16 ተብሎ የተሸጠለት ገዢ ሁለት ምርጫ ሊሰጠው ይገባል፦ ዕቃውን መልሶ ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ፣ ወይም ስልኩን ይዞ ልዩነቱን ማስመለስ። ልዩነቱ ደግሞ ባለ 8ቱ እና ባለ 16ቱ በዚያ ሳምንት በሚሸጡበት ዋጋ መካከል ያለው ነው እንጂ «በቃ 500 ብር ልመልስልህ» አይደለም። መመለሻው ጭነት የሻጩ ነው፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር መጥቶ ከሆነም የሁለቱም ጉዞ ሒሳብ የሻጩ ነው።

መጋረጃ ደግሞ የባሰ ነው። ፖስቱ ላይ የተሰቀለ፣ የተሰፋ፣ የሚያምር መጋረጃ ይታያል፤ ሥሩ «ዋጋ 450» ይላል። ሻጩ በሜትር ማለቱ ነው፣ ገዢዋ መጋረጃው ሙሉው መስሏታል። ወርዱ 2.80 ሜትር የሆነ ጨርቅ የመስኮቱን ቁመት ስለሚሸፍን ሜትሩ የሚቆጠረው በመስኮቱ ስፋት ነው። 2 ሜትር ስፋት ላለው መስኮት ሽብሽቡ እንዲያምር እጥፉ፣ 4 ሜትር ይቆረጣል። 4 ጊዜ 450 ሲባዛ 1,800 ነው፤ ስፌቱ ሌላ። ጨርቅ ከተቆረጠ በኋላ አይቀጠልም፤ ክርክሩ የሚመርረውም ለዚህ ነው። ሻጩ ጠቅላላውን ሒሳብ ጽፎ «እሺ» ሳይባል ከቆረጠ ጨርቁ የራሱ ነው። 1,800ውን ነግሮ፣ እሺ ተብሎ ከቆረጠ ግን ገዢዋ መመለስ አትችልም። «በሜትር» የምትል አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ታስቀራለች። ለአልጋ ልብስ የአልጋው ስፋት፣ ለጫማ የየት አገር ቁጥር እንደሆነ፣ ለጥንድ ዕቃ «የሁለቱ» ወይም «የአንዱ» መጻፍ እንዲሁ።

ሐዋሳ ላይ ብዙ ዕቃ በቀብድ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ የቀብድ ነገር መነሳት አለበት። በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 3,000 ቀብድ ተቀብሎ «ዋጋው ጨምሯል፣ ትቼዋለሁ» የሚል ሻጭ ዕዳው 6,000 ነው። አብዛኛው ሻጭ 3,000ውን መመለሱን እንደ ቸርነት ያየዋል። እውነተኛ የጽሕፈት ስህተት ከሆነና ገዢውም ማየት ከነበረበት ነገሩ ወደ ስህተት አንቀጾቹ ይሄዳል፤ ያንን ማስረዳት ግን የሻጩ ሥራ ነው።

ስህተት እንደታየ ሻጩ ከክርክሩ በፊት ገንዘቡን ይመልስ። ሙሉውን፣ የመላኪያ ክፍያ ሳይቆረጥ፣ በዚያው ቀን፣ ወደ መጣበት ቁጥር ወይም ሂሳብ። «በሌላ ቁጥር ላክልኝ» ቢባል አይቀበል፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። መግባቱን የሚያረጋግጠውም በተላከለት ስክሪንሾት አይደለም፣ ስክሪንሾት ይቀነባበራል፤ በራሱ ስልክ ላይ ከ127 (ከቴሌብር) የገባውን መልእክትና ቀሪ ሂሳቡን ይይ። ገንዘቡን ይዞ «ሌላ ዕቃ ይውሰዱበት» ማለት ደግሞ የሰው ገንዘብ መያዣ ማድረግ ነው። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። 28,500 ለማለት 2,850 ተጽፏል። የላኩትን 2,850 በዚያው ቁጥር መልሰናል፣ የግብይት ቁጥሩ ይኸው። ለትራንስፖርት ያወጡት ካለ ይንገሩን። በትክክለኛው ዋጋ ከፈለጉት እስከ ነገ ማታ እናስቀምጥልዎታለን።»

ፖስቱን ማስተካከልም ወግ አለው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈን ቁጥር ኤዲት ማድረግ ለተከታዩ ማሳወቂያ አይልክም፤ ፎርዋርድ የተደረገውም ቅጂ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይዞራል። ስለዚህ ለድሮው ፖስት ሪፕላይ አድርጎ አዲስ መልእክት መለጠፍ፣ የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም ቁጥር ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚያ የሞዴሉን ስም ቻናሉ ውስጥ ፈልጎ ተደጋግሞ የተለጠፈውን ሁሉ ማረም፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያለው አይረሳ። ፖስቱን ድምፅ ሳያሰሙ አጥፍቶ «እንዲህ ብዬ አልለጠፍኩም» ማለት ግን ውሸት ነው። ገዢም በግል ቻት የተጻፈ እስከ 48 ሰዓት ኤዲት ሊደረግ፣ ከሁለቱም ወገን ሊጠፋም እንደሚችል አውቆ ብር ከመላኩ በፊት ፖስቱንና «አለ» የተባለበትን ከነሰዓቱ ስክሪንሾት ያንሳ።

የገዢም ግዴታ አለ። ዋጋው ካስደነገጠው «ዋጋው ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሻጩ አይቶ «ልክ ነው» ካለ ከዚያ ወዲህ ያለው የሻጩ ጣጣ ነው። ስህተት መሆኑን እያወቀ አምስት ፍሬ የሚያዝ፣ ለጓደኞቹም «ሳያነሱት ግዙ» ብሎ የሚያሰራጭ ሰው ግን ካሳ የመጠየቅ አፍ የለውም። ብዙ ጊዜ ኪሳራው የሚቆረጠው ከአድሚኗ ደሞዝ ነው፣ ይህም ይታሰብ።

ዕቃው በተሳሳተው ዋጋ ተላልፎ፣ ሻጩ ከሁለት ቀን በኋላ ሲነቃስ? መጠየቅ ይችላል፤ ደውሎ ማስፈራራት ግን አይችልም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይተወው። እንደ ስልኩ ፈጦ የሚታይ ከሆነ ገዢው ቀሪውን ይክፈል ወይም ዕቃውን ይመልስ፤ ማሸጊያው የተከፈተው ሻጩ ከመናገሩ በፊት ከሆነ ሻጩ ዕቃውን እንደተከፈተ ይቀበላል፣ ለማሸጊያው አይቀንስም፣ የባጃጁንም የደርሶ መልስ ሒሳብ እሱ ይችላል።