ሁለት ዓይን የተሳለለት ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ሄጄ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባሁ። የሄድኩት የድሮ መስቀሎቹን ላይ ብዬ ነበር። ላይኛው ፎቅ ሥዕሎቹ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ከአድዋ ጦርነት ሥዕል ፊት አልነቀል አለኝ።

ይህን ሥዕል በአንዱ ወይ በሌላው መልኩ የማያውቅ አለ? ካላንደር ላይ፣ ፖስተር ላይ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ እያየነው ነው ያደግነው። እኔም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። ቀረብ ብዬ ቆሜ ስመለከተው ነው ምንም እንዳላየሁት የገባኝ።

ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለ፤ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከቦታል። በግራ በኩል ዳግማዊ ምኒልክ በጥላ ሥር ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ሽጉጥ ይዘዋል። ጊዮርጊስ እንዲያው ለማሳመር የገባ አይደለም። ውጊያው የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው፣ ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። ሠዓሊው ያስቀመጠው ዘማቹ ያመነውን ነው። የእቴጌይቱም ነገር እንደዚሁ ነው። መቀሌ ላይ ጣሊያኖች ምሽግ ውስጥ ሲመሽጉ ውኃቸው ይያዝ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እና ሠዓሊው ከድንኳን ጀርባ ሳይሆን ከጦሩ መሃል ሣላቸው።

አሁን ዓይኖቹን ተመልከቱ። የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ጣሊያኖቹ ግን በጎን ነው የተሳሉት፣ አንድ አንድ ዓይን ብቻ። ሕጉ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ቅዱሳን በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ። አድዋን የሣሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ ያደጉ ስለሆኑ በዚያው እጃቸው ፈረዱ። የዘመኑን ሰው አስተሳሰብ እንዲህ ግልጥልጥ አድርጎ የሚያሳይ ጽሑፍ እኔ አላነበብኩም።

ሥዕሉ የተሰቀለበት ቤት ራሱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ግራዚያኒ የኖረበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋው የጀመረበት ግቢ። የአድዋ ሥዕል እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ሳስበው ደስ ይለኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ከጣሊያን ጦር ውስጥ ወደ 7,000 የሚሆኑት አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የሚዋጉ የአገሬው ወታደሮች፣ ነበሩ። አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቋንቋቸው የእኛ፣ ጾማቸው የእኛ። ከድሉ በኋላ ከተማረኩት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከዳችሁ ተብለው። ይህንን የሚያሳይ የአድዋ ሥዕል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ድሉን የምወደው ያህል ይህም ያመኛል፣ ሁለቱንም አብሬ መያዝ አለብኝ ብዬ አምናለሁ።

ከመውጣቴ በፊት ተመልሼ በጠላት በኩል የቆሙትን አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። ሁለት ዓይን የተሳለለት አንድም ሰው አላገኘሁም።