27 ተማሪዎች ሄግ ድረስ የወሰዱት ጥያቄ

ስለ ወጣቶችና ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ሲወራ ብዙ ጊዜ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አዳራሽ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም (ኢሲኤ) መቀመጫ ስለሆነች እንዲህ ዓይነት ስብሰባ አጥታ አታውቅም። ወጣቶች ይጋበዛሉ፣ ባጅ አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ፣ አስር ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ የአቋም መግለጫ ያነባሉ፣ የቡድን ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ተቀምጬ አይቻለሁ። ሰው መተዋወቁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ያንን መግለጫ ተቀብሎ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ መንግሥታት ቆመው እንዲመልሱ ስላደረጉ ልጆች ልጻፍላችሁ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቫኑዋቱ ደቡብ ፓሲፊክ ውስጥ ከ80 በላይ ደሴቶች ላይ የተበተነች አገር ናት። ሕዝቧ 300 ሺህ ገደማ ነው፤ የኛ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ብቻውን ይበልጣታል። ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ላይ የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። በ2019 እዚያ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አነሱ። ባሕሩ መሬታችንን እየወሰደ ነው፣ የአየር ንብረት ጉባኤው በየዓመቱ ቃል ተገብቶበት ይበተናል፣ ታዲያ አገሮች በሕግ ያለባቸው ግዴታ ምንድን ነው? ይህንን ኔዘርላንድስ፣ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለምን አይጠየቅም?

ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ተማሪ ያንን ፍርድ ቤት መጠየቅ አይችልም። ተከራካሪ ሆነው የሚቀርቡበት አገሮች ብቻ ናቸው። የምክር አስተያየት፣ ማለትም ሕጉ ምን እንደሚል ማብራሪያ፣ እንዲሰጥ ደግሞ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያለ አካል መጠየቅ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ መንግሥት ማሳመን ያስፈልጋል፣ ያ መንግሥት ደግሞ የዓለምን አገሮች ማሳመን አለበት። ሐሳቡም አዲስ አልነበረም። ፓላው የምትባለዋ ደሴት አገር በ2011 ሞክራ መንገድ ላይ ቀርቶባታል። እና ልጆቹ ይህን እያወቁ ነው የገቡበት።

ለፓሲፊክ አገሮች መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። ደጅ ጠኑ። የቫኑዋቱ መንግሥት እሺ አለ፣ በ2021ም ጉዳዩን ይዞ እንደሚሄድ በይፋ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የአየር ንብረት ሚኒስትር የሆነው ራልፍ ሬገንቫኑ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ቆመ። በሌሎች አህጉራት ያሉ ወጣቶችም ተቀላቅለው እያንዳንዱ የራሱን መንግሥት መወትወት ጀመረ። የጥያቄውን ረቂቅ ያዘጋጁት 18 አገሮች ውስጥ ኡጋንዳ፣ ሞዛምቢክ፣ አንጎላ፣ ሴራሊዮንና ሞሮኮ አሉበት። ጀርመንና ሲንጋፖርም አሉ። በሌላ ጉዳይ እነዚህን አገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከባድ ነው።

መጋቢት 2023 መጀመሪያ ላይ ቫኑዋቱን ጁዲ እና ኬቨን የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ውስጥ መቷት። ቤት ፈርሶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዲፕሎማቶቿ ኒውዮርክ ላይ ድጋፍ እየለመኑ ነበር። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄውን ያለ ድምፅ አሰጣጥ አጸደቀው። 132 አገሮች አብረው ስፖንሰር ሆኑት። ከክፍል እስከ ጠቅላላ ጉባኤ 4 ዓመት።

ታኅሣሥ 2024 ላይ 96 አገሮችና 11 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ የአፍሪካ ኅብረትም ጭምር፣ ሄግ ሄደው ዳኞቹ ፊት ቆሙ። በፍርድ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ብዙ ተሳታፊ የነበረበት ጉዳይ የለም። ከ27ቱ ተማሪዎች አንዷ የነበረችው የሰለሞን ደሴቶቿ ሲንቲያ ሆኒውሂም እዚያው መድረክ ላይ ወጥታ ተናገረች። ባጅ ይዛ ከኋላ ወንበር አልተቀመጠችም። እሷ ስትናገር የትልልቆቹ አገሮች ጠበቆች ቁጭ ብለው ሰሟት፣ ከዚያም ተራ በተራ ተነስተው የራሳቸውን መልስ ሰጡ።

ሐምሌ 23 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን በሙሉ ድምፅ ሰጠ። አገሮች የአየር ንብረቱን ከከባድ ጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው አለ። ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠትና ነዳጅን መደጎም ጭምር በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል አለ። ጉዳቱና መንስኤው መያያዛቸው ከተረጋገጠ ካሳም ሊመጣ ይችላል። ለኔ ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። አገሮች በዚህ ጉዳይ መተባበራቸው ራሱ ግዴታ ነው ተብሏል። እስቲ ይህንን ከኛ አገር ጋር አያይዛችሁ አስቡት። ቦረና ላይ ዝናቡ 5 ወቅት በተከታታይ ሲቀር፣ ከብቱ በየሜዳው ሲረግፍ፣ አርብቶ አደሩ የሚያገኘው እርዳታ እስከዛሬ የሚታየው እንደ ለጋሾች ቸርነት ነው። ሲፈልጉ ይጨምራሉ፣ ሲፈልጉ ይቀንሳሉ፣ እኛ እናመሰግናለን። መተባበር ግዴታ ነው ከተባለ ግን ንግግሩ በሙሉ ሌላ ነው የሚሆነው። ትብብር ስንል ማን ለማን ምን አለበት ብለን መጀመር እንችላለን።

«የምክር አስተያየት አይደል እንዴ፣ ማንንም አያስገድድም» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ በቀጥታ አያስገድድም። ግን ለዚህ መልሱ ያለው እኛው ታሪክ ውስጥ ነው፤ ብዙ ወጣት አለማወቁ ያሳዝነኛል። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ ደቡብ አፍሪካ ታስተዳድራት የነበረችው፣ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለው የዛሬዋ ናሚቢያ ነበረች። ሁለቱ አገሮች የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል ስለነበሩ ነው መክሰስ የቻሉት። 6 ዓመት ተከራከሩ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «እናንተን አያገባችሁም» ዓይነት ውሳኔ ተሰጠ። ያ ቀን ለአፍሪካ መራራ ነበር። ግን ነገሩ አልሞተም። በ1971 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ያውም በምክር አስተያየት፣ ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። በክርክር የተነፈገው በአስተያየት መጣ። ናሚቢያ ነፃ እስክትወጣ ገና 19 ዓመት ቀርቷል፣ የታገሉትም ራሳቸው ናሚቢያውያን ናቸው። ግን ከዚያ ወዲያ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሕግ ከኔ ጋር ነው ቢል እንኳ የፍርድ ቤቱ ቃል ይቃወመው ነበር።

ስለ ፓሲፊኮቹ ልጆች ሳነብ ልቤን የነካው ሌላ ነገር ዩኒቨርሲቲያቸው ነው። የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የአንድ አገር አይደለም። 12 አገሮች በጋራ የያዙት ተቋም ነው። የፊጂው፣ የሰለሞን ደሴቶቹ፣ የቶንጋው ልጅ አንድ ክፍል ይማራል፣ አንድ ካፌ ይበላል። አገሮቻቸውን ለማገናኘት የወዳጅነት መድረክ አላስፈለጋቸውም፣ እነሱ ቀድሞውኑ ጓደኛ ነበሩ። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ጅምር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ንጉሡ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጥተው ከተለያዩ አገሮች ወጣቶች አዲስ አበባ መጥተው ተምረዋል። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከነሱ አንዱ ናቸው። እነዚያ ልጆች የኛን ተማሪዎች ዓይን እንደከፈቱ የዚያን ዘመን ሰዎች ሲያወሩ እንሰማለን። ዛሬ አዲስ አበባ የአህጉሩ ዋና ከተማ ነን እንላለን። ግን ከጎረቤት አገር ተማሪ ጋር አንድ ዶርም ያደረ የኛ ተማሪ ስንት ነው? ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ በስብሰባም አይሞላም።

ገንዘብ የለም፣ ቪዛ ይከለከላል፣ ሰሚ የለም ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም እውነት ነው። አገሬ ውስጥ ወጣቱ ስንት ነገር እንደተሸከመም አውቃለሁ። የኔ ነጥብ ጠባብ ነው። ልጆቹ ጉዳያቸውን ይዘው መንግሥታት መልስ ወደሚሰጡበት ቦታ ሄዱ፣ የቦታውን አሠራር አጠኑ፣ ጥያቄያቸውን አንድ ብቻ አደረጉ፣ ከዚያ ስሙን የሚያውሳቸው አንድ መንግሥት ፈለጉ። እኛ ብዙ ጊዜ 20 ጥያቄ ይዘን ማንም ወደማይመልስበት ቦታ እንሄዳለን።

ጊዜው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ኮፕ 32 የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ነው የሚካሄደው። አሩሻ ላለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤትም በ2025 የአፍሪካ ጠበቆች ኅብረት ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቧል። ጉባኤው እኛ ጋ ሲመጣ ወጣቶቻችን እንግዳ ተቀባይና አስተርጓሚ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ አልፈልግም። የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር፣ የሐረማያ፣ የመቀሌ የሕግ ተማሪዎች ከናይሮቢና ከካምፓላ ጓደኞቻቸው ጋር ከአሁኑ ቢገናኙ፣ የድርቁን ጉዳይ ይዘው አንድ ጥያቄ ቢቀርጹ፣ ለአየር ንብረት ተደራዳሪዎቻችን በደብዳቤ ቢያቀርቡትና መልሱን በስም ቢጠብቁ ደስ ይለኛል። እምቢ ከተባሉ ወደ ሌላ መንግሥት ይሂዱ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በር ብዙ ነው።

የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ካላችሁ አስተያየቱ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ረጅም ነው። መጀመሪያ ስለ መተባበር ግዴታ፣ ቀጥሎ ስለ ካሳ የሚናገሩትን አንቀጾች አንብቡ። አብሮ ማንበብ የሚፈልግ ካለ እኔ አለሁ፣ ጻፉልኝ።