ሜዳ ወይስ አዳራሽ? በሐሩር ቡድን ሳዘጋጅ የተማርኩት

ሞቃት አየር ውስጥ ቡድን የሚይዙ አሰልጣኞች ሲገናኙ አንድ ክርክር አይቀርም። ልምምድ ውጭ ይሻላል ወይስ አዳራሽ? ግማሹ "ጨዋታው ፀሐይ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይልመዱ" ይላል። ሌላው "ልጆቹን በከንቱ ለምን እንጠብሳቸዋለን?" ብሎ ይመልሳል። እኔ አማተር የወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን ነው የማሰለጥነው። አዳራሽ የመጠቀም ዕድል ያገኘን ሰሞን እኔም እዚሁ ክርክር ውስጥ ገባሁ። የወጣሁበት መንገድ ቀላል ነው። ልምምድ ከማውጣቴ በፊት "የዛሬው ሥራ ለምን ይጠቅማል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሰውነትን ከሙቀት ለማላመድ ከሆነ ውጭ እንወጣለን። ለፍጥነት ወይም ለጥራት ከሆነ ያለንን ቀዝቃዛ ቦታና ሰዓት እንፈልጋለን። ቀሪው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት መለካት ነው። አዳራሽ ሲባል ሰው ቅዝቃዜ ይታየዋል። ማቀዝቀዣ ካለው እሺ። የእኛ ግን የቆርቆሮ ጣሪያና ትንንሽ መስኮቶች ያሉት ነው። ቆርቆሮው ሲግል የዋለውን ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ይለቀዋል። ነፋስ የለም። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ልጅ ላቡን ሲያፈስ አየሩ በእርጥበት ይሞላል። ከቀትር በኋላ ውጭ ካለው የዛፍ ጥላ ይልቅ አዳራሹ የሚወብቅበት ቀን ብዙ ነው። ማለዳ ደግሞ ያው አዳራሽ ደህና ነው። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ሳልለካ አልገባም።

የሚለካውም ተራው የአየር ሙቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች በሥልጠና ላይ በሙቀት ስለሚወድቁ አንድ መለኪያ ተሠራላቸው። ዌት በልብ ግሎብ ቴምፕሬቸር ይባላል። ሦስት ንባቦችን ያጣምራል። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር 70 በመቶ፣ የፀሐይን ግለት የሚቀበል ጥቁር ሉል 20 በመቶ፣ ተራው ቴርሞሜትር ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ድርሻ አላቸው። እዩት እንግዲህ። በየስልካችን የምናየው "ዛሬ 34 ዲግሪ ነው" የሚለው ቁጥር ከሁሉ ትንሹ ድርሻ ነው ያለው። ትልቁን ቦታ የያዘው እርጥበቱ ነው፤ ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነዋ። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ላቡ አይተንም፤ ይንጠባጠባል እንጂ። የተንጠባጠበ ላብ ደግሞ ውኃና ጨው ያስከፍላል፣ ቅዝቃዜ ግን አይሰጥም። ፊፋ በዚህ መለኪያ 32 ዲግሪ ሲደርስ የማቀዝቀዣ እረፍት፣ ማለትም ተጫዋቾች ውኃ የሚጠጡበትና የሚበርዱበት የሦስት ደቂቃ እረፍት፣ እንዲኖር ያደርጋል። ያ ግን ሐኪም አጠገቡ ላለው ባለሙያ ተጫዋች ነው። እኔ ለልጆቼ ከዚያ በጣም ዝቅ ብዬ ነው ልምምዱን የማቀለው። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ሆኖ ይሸጣል። ከአዲስ ኳሶች በፊት እሱ ይገዛ ብዬ ኮሚቴውን ያስጨነቅኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስንሮጥ ከምናቃጥለው ጉልበት ሦስት አራተኛው ገደማ ሙቀት ነው የሚሆነው። ሰውነት ይህን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል። ጡንቻውም ያንኑ ደም ይፈልጋል። ልብ ለሁለት ጌታ ይሠራል ማለት ነው። ደስ የሚለው ሰውነት ይህን መማር መቻሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ፈሳሽ ይጨምራል፤ ያኔ ለተመሳሳይ ሩጫ የልብ ምት ረገብ ይላል። ቀጥሎ ላብ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ይበዛል፤ ይዞት የሚወጣው ጨው ግን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ሰውነት ሲሞቅና ሲያልብ ነው። ማቀዝቀዣ ባለው አዳራሽ ውስጥ ወሩን ሙሉ ቢሮጥም ሙሉውን አያገኘውም። አዳራሽን መሸሸጊያ ያደረገ ቡድን ለመጀመሪያው የቀትር ጨዋታ ሳይዘጋጅ ይቀርባል የምለው ለዚህ ነው።

እንዴት አድርጌ አላመድኳቸው? በዝግጅቱ የመጀመሪያ ሳምንት በቀን አንድ ልምምድ ብቻ። ውጭ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ግን የቀኑ ንዳድ ከመምጣቱ በፊት። ከባዱ ሰዓት ቀትር ሳይሆን ከቀትር ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ያለው ነው፤ አየሩ የሚግለው ዘግይቶ ነው። ሥራው ቀላል ሩጫና ቅብብል ነው። ከማልያ ላይ የሚደረብ መለያ የለም፤ ቡድኖቹን በማልያ ቀለም እለያለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። መጀመሪያ ደቂቃው ይረዝማል፤ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አልጨምርም። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ጨዋታ የሚመስል ነገር ይጀመራል።

ተጫዋቾቹ ይህን መጀመሪያ አልወደዱትም። "ኮች፣ በዚህ አካሄድ መቼ ልንጠነክር ነው?" ይሉኛል። ወጣት ተጫዋች ካልተፋና ካልወደቀ የሠራ አይመስለውም። ከሁሉ የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። በሙቀት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሰነፉ አይደለም። ራሱን ማሳየት የሚፈልገው፣ ትላንት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ይዞት "ደህና ነኝ" የሚለው፣ ሳይተኛ ያደረው፣ ወይም ከረጅም እረፍት ተመልሶ ከለመዱት ጋር እኩል ልሩጥ የሚለው ነው። ዘግይቶ የመጣ ተጫዋች የራሱን የመላመጃ ቀናት ይጀምራል እንጂ ቡድኑ የደረሰበት ላይ አይገባም። የቅጣት ሩጫንም ጨርሶ ትቻለሁ። ላረፈደ ልጅ ኳስና ኮን ማሰብሰብ ይበቃዋል።

መላመድ ደግሞ ተገኝቶ የሚቀር ሀብት አይደለም። ከሙቀት ከራቁ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም፣ አብዛኛው ሥራ በማለዳ ቢሆን እንኳ፣ በሳምንቱ ውስጥ ሞቅ ባለ ሰዓት የምንሠራው ልምምድ ይኖራል። አጭርና ቀላል ነው። ግቡ ማላብ ብቻ ነው።

ታዲያ አዳራሹ ለምን ይጠቅማል? ለፍጥነት። ፀሐይ ላይ ስፕሪንት (አጭር የሙሉ ፍጥነት ሩጫ) ደጋግሜ ሳሠራ ከጥቂት ዙር በኋላ የማየው የፍጥነት ልምምድ ሳይሆን ድካም ነበር። እግሩ ይሮጣል፤ ፍንዳታው ግን የለም። ማለዳ አዳራሽ ውስጥ ግን በቂ እረፍት እየሰጠሁ የመጨረሻውን ዙር እንደ መጀመሪያው አስሮጣለሁ። ለጠባብ ቦታ ውሳኔም ግሩም ነው። የፉትሳል፣ ማለትም የአዳራሽ እግር ኳስ፣ ሜዳ በተለምዶ 40 በ20 ሜትር ነው። አምስት ለአምስት ስናጫውት አንድ ልጅ ኳስ የሚነካው በትልቁ ሜዳ ከሚነካው እጅግ ይበዛል። አቋቋም ለማስተማርም ይመቻል። ጥላ ውስጥ አቁሜ ላስረዳ እችላለሁ። ውጭ አምስት ደቂቃ ንግግር ማለት አምስት ደቂቃ ከነፀሐዩ ነው።

ግን አዳራሽም ያስከፍላል። ወለሉ ደረቅ ነው። በሣር ላይ ተንሸራቶ የሚቆም እግር እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የቅልጥም አጥንት ይከፍላሉ። በታኬታ አይገባም፤ ለስላሳ የጎማ ሶል ያስፈልጋል። ስፕሪንቱን በ10 እና በ15 ሜትር ገድቤዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ለመቆሚያ የሚተርፈው ግድግዳ ነው። ሌላም አለ። የፉትሳል ኳስ ትንሽና የማይነጥር ነው። በእግር ለመቆጣጠር ጥሩ አስተማሪ ነው፤ በአየር ለሚመጣ ኳስ ግን ምንም አያስተምርም። አዳራሽ ያበዛንበት ጊዜ የመሀል ተከላካዮቻችን የረጅም ኳስ ማረፊያ መገመት ከብዷቸው ነበር። በረኛውም ከመስመር የሚሻገር ኳስ ላይ ሲያመነታ አየሁት። አሁን አዳራሹ በሳምንት ከሁለት ቀን አይበልጥም። የጭንቅላት ኳስ፣ የማዕዘን ምትና ረጅም ቅብብል በማለዳ ውጭ ነው።

ውጭ ሲባልም ሜዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ሠራሽ ሣር ፀሐይ ላይ ክፉኛ ይግላል። ላዩ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ተፈጥሮ ሣር በዚያው ሰዓት እጅግ ይሻላል። ውኃ ቢረጩበት ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል፤ ከዚያ ያው ነው፣ እንዲያውም ወበቁ ይጨመርበታል። ምርጫ ካለኝ ሰው ሠራሹን ለማለዳ፣ አፈርና ሣሩን ለሞቃቱ ሰዓት እተወዋለሁ።

ውኃን በተመለከተ "ብዙ ጠጡ" ማለት አይበቃም። ሚዛን አቁሜ ከልምምድ በፊትና በኋላ አስመዝናቸዋለሁ። አንድ ኪሎ መቀነስ አንድ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ማጣት ነው። ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ ያጣ ተጫዋች ሩጫውም ውሳኔውም መውረድ ይጀምራል። ያስገረመኝ ልዩነቱ ነው። አንድ ዓይነት ልምምድ ሠርተው አንዱ ምንም ያህል አይቀንስም፤ ሌላው ከአንድ ኪሎ በላይ ጥሎ ይመጣል። ማልያው ላይ የጨው ነጭ መስመር የሚሠራም አለ። እሱ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይፈልጋል። ክብደት ጨምሮ የሚወጣ ደግሞ ከሚገባው በላይ እየጠጣ ነው። የደም ሶዲየም ከልክ በላይ ሲቀጥን እሱም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። በረዶና ውኃ ያለበት ትልቅ ገንዳ በሌለበት ሞቃት ልምምድ አላሠራም። በሙቀት የተመታ ሰው የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አንጎሉም ይናወጣል። ሜዳ ላይ ምልክቱ መውደቅ ላይሆን ይችላል። ማን ከማን ቡድን እንደሆነ ይምታታበታል፣ ያለምክንያት ይቆጣል፣ ይንገዳገዳል። ላብ እያላበው ሊሆን ይችላል፤ "ላቡ ካልደረቀ ደህና ነው" የሚባለውን አትመኑ። እንዲህ ከሆነ ሐኪም እየተጠራ እዚያው ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ጭንቅላቱን ከውኃው በላይ ደግፎ የሚይዝ ሰው ይኖራል። ማቀዝቀዝ ይቀድማል፤ መጓጓዝ ይከተላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱን ማውረድ ከተቻለ የመዳን ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነው። መኪና ፍለጋ የሚባክን ደቂቃ ግን አይመለስም። ምክትሌና እኔ ይህን ከልጆቹ ጋር እንደ ማዕዘን ምት ተለማምደነዋል። ማን በረዶ ያመጣል፣ ማን ይደውላል፣ ማን ይይዛል፤ ሁሉም ተራውን ያውቃል።

ሙቀት የጨዋታውን ዓይነትም ይቀይራል። ባለሙያ ተጫዋቾችን በ21 ዲግሪና በ43 ዲግሪ አጫውተው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። በሙቀቱ ጠቅላላ የተሮጠው ርቀት የቀነሰው 7 በመቶ ብቻ ነው። ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ሩጫ ግን 26 በመቶ ወረደ። የተሳካ ቅብብል ደግሞ ጨመረ። ተጫዋቹ ሳይነገረው ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ኳሷን ይይዛል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በሞቃት ቀን ዘጠና ደቂቃ ፕሬስ አድርጉ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ እየሮጣችሁ አስጨንቁ፣ ማለት ትቻለሁ። ፕሬስ የምናደርግባቸውን አጋጣሚዎች እንመርጣለን። በቀረው ጊዜ ወደ ኋላ ሰብሰብ ብለን ኳስ ሲገኝ እንይዛለን። ማለዳ አዳራሽ ውስጥ የሠራነው የጠባብ ቦታ ቅብብል ዋጋው የሚታየው ያኔ ነው።

በጨዋታ ቀን ማሟሟቂያውን አሳጥሬ ጥላ ውስጥ አደርገዋለሁ። ሰውነት ቀድሞ ከጋለ ለጨዋታው የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። በረዶ የተጠቀለለበት ፎጣ አንገት ላይ ይዘው ነው የሚገቡት። የማቀዝቀዣ እረፍቱን ደግሞ አንድ ታሪክ ነው ያስወደደኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ያለ እረፍት ነበር። የኔዘርላንድስ አሰልጣኝ ሉዊስ ቫን ኻል 1 ለ 0 እየተመራ በሁለተኛው አጋማሽ እረፍት ላይ የጨዋታ ዕቅዱን ቀየረ። 2 ለ 1 አሸነፈ። ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው። እኛ በልምምድ ላይ ሦስቱን ተከፋፍለናቸዋል። የመጀመሪያዋ የውኃና የፎጣ ናት፤ ማንም አይናገርም፣ እኔንም ጨምሮ። ሁለተኛዋ የእኔ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ሦስተኛዋ የእነሱ ናት፤ ተከላካዩ ከአማካዩ ጋር፣ በረኛው ከተከላካዩ ጋር ይነጋገራሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ዓይኖቻቸውንና አቋማቸውን አያለሁ። መልስ ሲሰጥ የዘገየ ካለ ይቀየራል።